ኮርድለስ ስልክ ለቤት፦ የ2.4ቱ፣ የ5.8ቱ፣ የአሜሪካው ዴክት ወይስ የአውሮፓው?

«ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ለቤት ስልኩ ኮርድለስ ላስመጣ ነበር፣ የትኛው ይሻላል?» ይህ ጥያቄ በተለይ በበዓል ሰሞን አያልቅም። ወር ሳይሞላ ደግሞ ተከታዩ ይመጣል፦ «ስልክ ባነሳን ቁጥር ዋይፋዩ ቀጥ ይላል፤ ራውተሩን እንቀይረው?» አትቀይሩት። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስልኩ ነው፤ ገንዘቡም የባከነው ስልኩ የተገዛ ዕለት ነው።

ምርጫችንን ከወዲሁ እንናገር። ስልኩ የሚሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ፣ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራውን የአውሮፓ ዴክት (ለኮርድለስ ስልክ የተበጀ ዲጂታል የሬዲዮ ዘዴ) ግዙ። የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ዴክት 6.0 ግዙ። የአሜሪካውን ወደ አዲስ አበባ አትላኩ፤ የ2.4 ጊጋኸርዙን ደግሞ የትም ቦታ ቢሆን፣ በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ለሚቸኩል ሰው ይህ ይበቃዋል። ሌላው ለምን እንደሆነ፣ ብሩም የት የት እንደሚፈስ ነው።

ዋጋውን የምናሰላው በዶላርና በዩሮ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው ስለማይረጋ ዛሬ በብር የተጻፈ ዋጋ ነገ ያሳስታል። በዕለቱ ምንዛሬ አባዙት።

የ2.4ቱ ሒሳብ

ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ባንዶች (የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች) አንዱ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። ፈቃድ የማይጠየቅበት ስለሆነ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በገፍ የተሸጡት ኮርድለሶች የሰፈሩት እዚያው ላይ ነው። ዛሬ በሰልባጅ ሱቅና በጓሮ ሽያጭ ከ3 እስከ 6 ዶላር የሚገኙት እነዚያ ናቸው። ሻንጣ ውስጥ ገብተው የሚመጡትም እነሱ ናቸው።

ጉዳቱን ለመረዳት የራውተሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ራውተር ከመላኩ በፊት አየሩን ያዳምጣል፤ የሚጮህ ነገር ካለ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ኮርድለሱ ግን አያዳምጥም፤ ተራ ሳይጠብቅ ይልካል። ራውተሩ በመሀል የላከው ዳታ ስለሚበላሽ እንደገና ይልካል፣ አሁንም ሲበላሽ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይሞክራል። አንዱ ዕቃ ሲንቀረፈፍ አየሩን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዝ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው ይጎተታሉ። ምልክቱም ከዚህ የመጣ ነው፦ የዋይፋዩ መስመሮች ሞልተው ይታያሉ፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። አናሎጎቹ እጀታው ቦታው ላይ ሲቀመጥ ዝም ስለሚሉ ችግሩ በጥሪ ሰዓት ብቻ ይታያል። ለዚህ ነው ሰው ራውተሩን የሚጠረጥረው።

የ2.4ቱ ስልክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ለገዢ ብዙ ዋጋ አለው። የመጀመሪያው አናሎግ ወይም አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ዲጂታል ነው፤ ብዙ ጊዜ «ቻናል» የሚል ቁልፍ አለው። ይህ ይታከማል። የዋይፋይ ቻናሎች 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ስላላቸው እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ መሀላቸው 2412፣ 2437 እና 2462 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ስልኩ 6ኛው ላይ ከተቀመጠ ራውተሩን ወደ 1 ወይም ወደ 11 ማዛወር በቂ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ግን ባንዱን ከዳር እስከ ዳር በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየዘለለ የሚሠራ ነው። ካርቶኑ ላይ ኤፍኤችኤስኤስ ወይም «ፍሪኩዌንሲ ሆፒንግ» ተብሎ ይጻፋል። የሲመንስ ጊጋሴት 2400 ተከታታይ ከዚህ ወገን ነው። ለዚህኛው ቻናል መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ራውተሩ የትም ቢሄድ ያገኘዋል። የሚያስቀው ነገር፣ ሻጮች በጥራት የሚያስበልጡት ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ለስልክ ድምፅ እውነታቸውን ነው፤ ለዋይፋይ ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ ኪስ እንግባ። ስልኩ 5 ዶላር ነው እንበል። ባትሪው በኒኬል ካድሚየም የተሠራ 3.6 ቮልት ጥቅል ነው፤ ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች ተበይደው፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶላቸው። ዕድሜው ስለሄደ ሞቷል፤ ምትኩ ከ8 እስከ 12 ዶላር። አዳፕተሩ 120 ቮልት ብቻ የሚል ነው፤ እኛ ጋ 220 ላይ ሲሰካ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ አንዳንዴ ቤዙንም (የስልክ መስመሩ የሚሰካበትን መቀመጫ) ይዞት ይሄዳል። መፍትሔው ከ8 እስከ 12 ዶላር የሚያወጣ ተመጣጣኝ አዳፕተር ወይም ከ15 እስከ 20 ዶላር የሚያወጣ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ደምሩት፦ ዝቅ ሲል 21፣ ከፍ ሲል 37 ዶላር። በዚህ ገንዘብ አዲስ ዴክት ከነባትሪው ይገዛል። ማውረጃ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ከስልኩ ስለሚከብድ የሻንጣ ኪሎ ይበላል፤ ሌት ተቀን ተሰክቶ ስለሚውልም ቆጣሪው ላይ ይጨምራል።

5.8ቱና ሌሎቹ

የ5.8 ጊጋኸርዝ ስልክ «ከዋይፋይ ጋር አይጋጭም» ተብሎ ሲሸጥ ኖሯል። ብዙዎቹ ግን በ5.8 የሚልኩት ከቤዝ ወደ እጀታ ብቻ ነው፤ እጀታው ባትሪ ለመቆጠብ መልሱን የሚልከው በ2.4 ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 5.8 ይላል፣ ዋይፋያችሁን የሚያውከው ያልተጻፈው 2.4 ነው። ከቤዙ ሥር ያለው ጽሑፍ ወይም መመሪያው ሁለት ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ከጠቀሰ ተዉት። በሁለቱም አቅጣጫ 5.8 የሆነው ደግሞ ከ149 እስከ 165 ባሉት የ5 ጊጋ ዋይፋይ ቻናሎች ላይ ይወድቃል፤ ራውተሩን ከ36 እስከ 48 ባሉት ላይ ማድረግ ያድናል። የብሎኬት ግድግዳ ሲገጥመውም ቶሎ ይደክማል። አዲስ የሚመረት ስላልሆነ ሰልባጅ ካልሆነ አታገኙትም፤ ሰልባጅ ከሆነ ደግሞ የባትሪና የአዳፕተሩ ሒሳብ ከላይ ያለው ነው።

የ900ው አሜሪካ ውስጥ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነው። ዋይፋይን አይነካም። እኛ ጋ ግን ከ890 እስከ 915 ያለው ጂኤስኤም ሞባይሎች ወደ አንቴና የሚልኩበት ነው፤ ስለዚህ አይሆንም። ባለ ረጅም አንቴናዎቹ የ46 እና 49 ሜጋኸርዝ ስልኮች ዋይፋይን ባይረብሹም፣ የሬዲዮ ስካነር ያለው ጎረቤት ሁሉ የምትሉትን ይሰማል።

የአሜሪካው ዴክት 6.0

ስሙ ያሳስታል። 6.0 ማለት 6 ጊጋኸርዝ ማለት አይደለም፤ ከ5.8 የበለጠ አዲስ እንዲመስል የተሰጠ የገበያ ስም ነው። የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ነው፤ የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍሲሲ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የፈቀደው። ከዋይፋይ ጋር በምንም አይገናኝም። አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላላችሁ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፦ ፓናሶኒክ፣ ቪቴክ ወይም ኤቲኤንድቲ የሚል ባለ አንድ እጀታ ከ25 እስከ 35 ዶላር፣ ባለ ሁለት እጀታ ከ40 እስከ 60 ዶላር። ሁለት እጀታ ካስፈለገ ከመጀመሪያው ባለ ሁለቱን ውሰዱ፤ ብቻውን የሚሸጥ ተጨማሪ እጀታ ዋጋው ይከብዳል።

ችግሩ ይህ ስልክ አውሮፕላን ሲሳፈር ይጀምራል። የኢትዮ ቴሌኮም 3ጂ የሚሠራበት የ2100 ባንድ ሁለት ወገን አለው፤ ሞባይሎች ወደ አንቴና የሚልኩት ከ1920 እስከ 1980 ባለው ላይ ነው። የአሜሪካው ኮርድለስ ልክ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሜጋኸርዞች ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። የዴክት ቤዝ ደግሞ ማንም ባያናግርበትም ዝም አይልም፤ እጀታዎቹ እንዳይጠፉበት በየ10 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ፣ «እዚህ ነኝ» የሚል ምልክት ይለቃል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንቴና ፊት ለፊት መስኮት ሥር የተቀመጠ ቤዝ አንቴናው ጆሮ ላይ ቀኑን ሙሉ ይጮህበታል፤ የጎረቤት 3ጂ ጥሪ ሲቆራረጥ ምክንያቱን የሚጠረጥር አይኖርም። በተገላቢጦሽም ሞባይል ቤዙ አጠገብ ሲደወልበት የኮርድለሱ ድምፅ ይቆራረጣል።

ክፋቱ ባለቤቱ ምንም አለማየቱ ነው። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ስልኩ ይሠራል። «እኔ ጋ ሦስት ዓመት ሠርቷል» የሚል ሰው ሞልቷል፤ እውነቱን ነው፣ የሚረበሸው ሌላው ነውና። ግን ባንዱ የሞባይል ነው። ያለፈቃድ ስፔክትረም መጠቀም በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተከለከለ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በ30 ዶላር ዕቃ ይህን መሸከም አያዋጣም።

የአውሮፓው ዴክት፦ የምንመርጠው

ከ1880 እስከ 1900 ያለው ጠባብ ቦታ ከ1800ው የሞባይል ባንድ ማብቂያና ከ2100ው መጀመሪያ መካከል ለኮርድለስ ተብሎ የተተወ ነው። አሥር ድግግሞሾች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ጥሪ ይይዛሉ። ስልኩ ጸጥ ያለውን ራሱ መርጦ ይገባል፣ ሲረበሽም ራሱ ይቀይራል። ቤት ውስጥ እስከ 50 ሜትር፣ ሜዳ ላይ እስከ 300 ሜትር ይባልለታል፤ ብሎኬትና ቆርቆሮ ባለበት ግቢ ከዚያ ቀንሱ።

ይህ ስልክ ከአውሮፓ ብቻ አይመጣም። ከዱባይ፣ ከጂዳ፣ ከእስራኤል የሚመጣውም ይኸው ባንድ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ከዋሽንግተን ይልቅ ከፍራንክፈርት ወይም ከዱባይ የሚመጣውን አስቸግሩ። የፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲጂ1611 ወይም የጊጋሴት ኤ170 ዓይነት ተራ ሞዴል ከ25 እስከ 35 ዩሮ ነው። መልእክት መቅጃ ያለው ከ10 እስከ 15 ዩሮ ይጨምራል። አትጨምሩ። ባለ ቀለም ስክሪንም አያስፈልግም፤ ስክሪኑ ሲሞት ለብቻው አይገኝም፣ ተራው ግን እስኪሰበር ይሠራል።

የዱባዩ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ መቀየሪያ ጨምሩበት። ከሳዑዲ ለሚመጣ ዕቃ የአዳፕተሩን ኢንፑት አንብቡ፤ እዚያ 127 ቮልት የሚጠቀሙ ቤቶች ስለነበሩ በተለይ አሮጌው ሊያታልል ይችላል። ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ የስልክ ገመዱ ጫፍ የእኛን ቀዳዳ አይገባም፤ በተራ የስልክ ገመድ ቀይሩት። ገመድ ተቀይሮም መስመር ካልሰጠ ቤዙ የሚጠቀመው የመሀሉን ሳይሆን የዳሩን ሁለት ሽቦ ሊሆን ስለሚችል ለጠጋኝ አሳዩ፤ የአንድ ገመድ ሥራ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ቤዙን ገልብጡት። «ዴክት 6.0» የሚል ዓርማ ወይም ኤፍሲሲ አይዲ ብቻ ያለበት፣ አዳፕተሩም 120 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል፣ የአሜሪካ ነው። የሲኢ ምልክትና 220–240 ቮልት ያለበት የአውሮፓ ወገን ነው። የሲኢ ምልክት ማንም ስለሚያትመው በእሱ ብቻ አትመኑ፤ የአዳፕተሩን ቮልት፣ የሞዴሉን ቁጥርና የካርቶኑን ጽሑፍ አስተያዩ። የኤፍሲሲ ቁጥር ካለው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ኮሚሽኑ ገጽ ውስጥ ሲያስገቡት ድግግሞሹን ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። ሻጩ «ዴክት ነው እኮ» ካለ ስንተኛው ሜጋኸርዝ እንደሆነ ጠይቁት።

ቤዝ የሌለው እጀታ ብቻውን በርካሽ ሲሸጥ ታገኛላችሁ። የአውሮፓ ሆኖ «ጋፕ» የሚል ከተጻፈበት በሌላ ኩባንያ የአውሮፓ ቤዝ ላይ ተመዝግቦ ይደውላል፣ ይቀበላል፤ የስም ማውጫና ሌላው ግን ላይሠራ ይችላል። የምዝገባ ቁጥሩ ካልተቀየረ አብዛኛውን ጊዜ 0000 ነው፤ ቤዙ ላይ ያለውን የእጀታ መጥሪያ ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ምዝገባውን ይከፍታል። የአሜሪካ እጀታ በአውሮፓ ቤዝ ላይ ፈጽሞ አይመዘገብም፤ ባንዱ አይገናኝም።

ጥቂት ጥንቃቄ ለዋይፋዩም አለ። ዴክት ከዋይፋይ ባንድ ውጭ ቢሆንም ቤዙ በቅጽበት እስከ 250 ሚሊዋት ስለሚለቅ ራውተሩ ላይ ተደርቦ ሲቀመጥ ያደነቁረዋል። ቢያንስ አንድ ሜትር አራርቁ። የስልኩ መስመር ቀዳዳ ራውተሩ ሥር ከሆነ የሚረዝመው የስልኩ ገመድ ይሁን፤ ሦስት ሜትር ገመድ ርካሽ ነው።

ባትሪ፣ አዳፕተርና ፎርጅዱ

ኮርድለስ ላይ ገንዘብ የሚጠፋው በስልኩ ሳይሆን በእነዚህ ነው። አዲሶቹ ዴክቶች ሁለት ትንንሽ፣ ትሪፕል ኤ የሚባሉ፣ 1.2 ቮልት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ይወስዳሉ። አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 630 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ገበያ ላይ «3000» የሚል ትሪፕል ኤ ካያችሁ ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን ያለ እውነተኛ ባትሪ ከ1000 ወይም ከ1100 ብዙ አያልፍም። ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ሽሹት፣ ሲያነሱት ቀለል ያለውንም ተዉት። የታመነው 750 ወይም 800 የሚለው፣ ቻርጁን ሳይጥል የሚቆየው ነው፤ ሁለቱ ከ5 እስከ 10 ዶላር። የማይሞላውን፣ 1.5 ቮልት የሚለውን የሬዲዮ ድንጋይ በፍጹም አታስገቡ፤ ቤዙ ቻርጅ ሊያደርገው ሲሞክር ያብጣል፣ ያለቅሳል፣ የፈሰሰው ኬሚካል ስፕሪንጉን ይበላል። ሰልባጅ እጀታ ስትገዙ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ዋጋ አትጠይቁ፣ ዝጉትና ሂዱ።

አዳፕተሩ ላይ ሦስት ነገር ይነበባል። መጀመሪያ ኢንፑቱ 220 ያካትታል ወይ። ቀጥሎ አውትፑቱ፦ የፓናሶኒኮቹ ብዙ ጊዜ 5.5 ወይም 6.5 ቮልት፣ 500 ሚሊአምፔር ናቸው፤ ሹሉ ስለገጠመ ብቻ አንዱ በሌላው ቦታ አይሰካም። ሦስተኛ የዋልታው ሥዕል፣ መሀሉ ፕላስ ነው ወይስ ማይነስ። አንዳንድ አሮጌ የአሜሪካ ቤዞች ደግሞ የሚወስዱት ዲሲ ሳይሆን ኤሲ ነው፤ ከቮልቱ ቀጥሎ የሞገድ ምልክት ይደረግበታል። እዚያ ላይ ተራ ዲሲ መሰካት አይሠራም። አምፔሩ ከተጻፈው ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን ቤዙ እየተነሳ ይወድቃል።

ፎርጅድ የሚታወቀው በብራንዱ ፊደል ብቻ አይደለም፤ ፊደል ቀያይረው የሚጽፉት ቢያንስ በዓይን ይታያል። የሚያሳስበው ስሙን በትክክል የጻፈው ነው። ከቤዙ ሥር ያለው መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ይመሳሰላል? ሞዴሉ ካርቶኑ ላይ፣ ቤዙ ላይና መመሪያው ላይ አንድ ነው? አዳፕተሩ የብራንዱ ስም አለው ወይስ ስም የለሽ ነው? ባትሪዎቹስ? ሱቅ ውስጥ ሰክተው እጀታው ቤዙን እስኪያገኝ ድረስ ጠብቁ፣ ከዚያ ይዛችሁት ሃያ እርምጃ ያህል ራቁ። መስመር በሌለበት ሱቅ እንኳ በእጀታ መጥሪያው ቁልፍ መፈተን ይቻላል። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ዋጋውን የቀነሰው ያለምክንያት አይደለም።

ጥገናው

አብዛኛው «ተበላሽቷል» የሚባል ኮርድለስ ከነዚህ በአንዱ ነው የሚቆመው። ቻርጅ አይገባም ካለ፣ እጀታውና ቤዙ የሚነካኩባቸው ብረቶች ጠቁረዋል፤ በእርሳስ ላጲስ ወይም በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ። ሁለት ደቂቃ አውርቶ የሚሞት ከሆነ ባትሪ ነው፦ ሙሉ ከተባለ በኋላ ስልኩ በርቶ ሲለካ ሁለቱ ድንጋዮች አንድ ላይ ከ2.2 ቮልት በታች ከወረዱ ቀይሩ፣ ሁለቱንም በአንዴ። ቁልፍ የማይሠራ ከሆነ ላስቲኩን አንስቶ ሥሩን በአልኮል ማጽዳት ነው። ቤዙ ላይ መብራት ከሌለ መጀመሪያ አዳፕተሩ ይለካ፤ ደህና ከሆነ ውስጡ ያበጠ ካፓሲተር ይፈለግ። ሲቀየር ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን።

በክረምት መብረቅ በስልክ መስመር የገባበት ቤዝ ግን ለጥገና አይበቃም። ድልድይ ሬክቲፋየሩና መከላከያዎቹ አንድ ላይ ስለሚሄዱ ጠጋኙ አንዱን ሲቀይር ሌላው ይወጣል፤ ሒሳቡ ከአዲሱ ይበልጣል። ሰማዩ ሲያጉረመርም የስልክ ገመዱን መንቀል ነጻ ነው።

ራውተሩንም ስልኩንም ከመክሰሳችሁ በፊት

በኤዲኤስኤል መስመር ላይ ያለ ቤት ሌላ በሽታ አለው፤ ከዋይፋይ መጋጨት ጋር ያደናግራል። ኢንተርኔቱና ስልኩ በአንድ የመዳብ መስመር ስለሚመጡ እያንዳንዱ ስልክ በፊልተር በኩል መሰካት አለበት። ፊልተር የሌለው ወይም የሞተ ከሆነ እጀታው ሲነሳ ኢንተርኔቱ ይቆረጣል፣ ስልኩም ያፏጫል። እንዲህ ለዩት። የቤዙን አዳፕተር ከሶኬት ንቀሉ፤ እጀታውን ቦታው መመለስ ብቻ አይበቃም። ቆማችሁበት ከማትንቀሳቀሱበት ቦታ ፍጥነቱን ለኩ። መልሳችሁ ሰክታችሁ ጥሪ አድርጉና እንደገና ለኩ። ከዚያ ጥሪው ሳይቋረጥ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ለኩ። በኬብልም ከተቆረጠና የራውተሩ የዲኤስኤል መብራት ብልጭ ብልጭ ካለ ጥፋቱ የፊልተሩ ወይም የመስመሩ ነው፤ ስልክ ከመለወጥ በፊት ፊልተሩን ቀይሩ፣ ከዚህ ሁሉ ዕቃ በጣም ርካሹ እሱ ነው። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ ከወደቀ ስልኩ ነው። ፋይበር የገባለት ቤት ውስጥ ፊልተር የሚባል ነገር የለም፤ ስልኩ የሚሰካው ፋይበሩ ሳጥን ጀርባ «ቴል» የሚል ቀዳዳ ላይ ነው። ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚደክም ዋይፋይ ካላችሁ ደግሞ ኮርድለሱን ማሩት፤ ማይክሮዌቭም 2.45 ጊጋ አካባቢ ላይ ነው።

የ2.4ቱን ገዝታችሁ ለጊዜው መለወጥ ካልቻላችሁ የሚደረገው ይህ ነው። ራውተሩ ባለ ሁለት ባንድ ከሆነ ስልኮቻችሁንና ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋው አዛውሩ፤ ግጭቱ እዚያው ያልቃል። የ2.4 ብቻ ከሆነ፣ ራውተሩ ጀርባ ላይ በተጻፈው አድራሻ ገብታችሁ የቻናሉን ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ አውርዱ፣ «አውቶ» የሚለውን አጥፍታችሁ 1ን፣ 6ን፣ 11ን በየተራ በጥሪ ላይ ሆናችሁ ሞክሩ። ቤዙን ከራውተሩ ቢያንስ ሦስት ሜትር አርቁ፣ ከተቻለ በሌላ ክፍል። ቴሌቪዥኑንና ኮምፒውተሩን በኬብል ስሩ። በሦስቱም ቻናል እኩል የሚያስቸግር ከሆነ ዘላዩ ዓይነት ነው፤ ከዚህ በኋላ ጊዜ አትፍጁበት።

የትኛውንም ብትገዙ ቤዙ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ የቤት ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ባለገመዱን አሮጌ ስልክ አትጣሉት፤ በመዳብ መስመር ላይ ከሆነ ያለ መብራት ይሠራል፣ ከኮርድለሱ ጋር በአንድ ፊልተር በማከፋፈያ ይሰካል። የራውተር ትንሿን ዩፒኤስ ለቤዙም ልጠቀም የምትሉ፣ የምትሰጠው 9 ወይም 12 ቮልት ነው፤ 5.5 የሚለው ቤዝ ላይ ስትሰኩት ቤዙ ይቃጠላል።